የአባታችን ኮት በሲኒማ ሸራ ላይ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለክላረንስ፦

እንደምን ሰነበትክ? የወርቅ ጉድጓዱ አቧራ ያመጣብህ ሳል ተሻለህ ወይ? ኤዲትስ፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ዝናብ ስለጠፋ በጎቹ ከስተዋል፣ የእማዬም ጉልበት ደረጃ አላስወጣ ብሏቸዋል። ከዚህ በላይ ደኅና ነን ብልህ ግን ውሸት ይሆንብኛል።

ባለፈው መስከረም ፊልም የሚያነሱ ሰዎች ከሲድኒ መጥተው ነበር። መቼም ዛሬ ሲኒማ ማለት ሽፍታ ማለት ነው፤ ባንክ ካልዘረፈ ጀግና የሚባል የለም። አለቃቸው ቆቡን አውልቆ፣ «የአባትሽን ጀግንነት ለአገር እናሳያለን፤ የፖሊስ ኮታቸውን ብቻ አውሺን» አለኝ። እኔ ሞኟ አመንኩት። አባዬ በሽፍታ እጅ ሲገደል አንተ ጡት አልጣልክም ነበርና ኮቱን አታውቀውም። እማዬ ጥይት የበሳውን ደረቱን እራፊ ጥፈው ሠላሳ ሁለት ዓመት ሣጥን ውስጥ ያኖሩትን፣ እሳቸው ሳያውቁ አውጥቼ ሰጠሁ።

የካቲት ላይ ፊልሙ እዚህ አዳራሽ መጣ። የሁሉንም ስም ቀይረውታል። እማዬን ደግፌ ወስጄ ፊት ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። ሽፍታው ሲጋልብ ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ከዚያ ኮቱን የለበሰ ፖሊስ ብቅ አለና ተንበርክኮ ማሩኝ እያለ ለመነ፤ ሲሸሽም ጀርባውን ተመታ። እማዬ ብድግ ብለው «ደረቱን እዩት! እራፊውን እዩት! የኔ ባል ጀርባውን አልሰጠም!» ብለው ጮኹ። ፊልሙ ድምፅ ስለሌለው ከሸራው አጠገብ ቆሞ የሚተርከው ሰውዬ «እማማ ይቀመጡ፣ ሽፍታው እርስዎንም እንዳይማርክዎት!» አላቸው። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። አባዬ ከጎርፍ ያወጣው ሽማግሌው ማክናማራ እንኳን ሳቀ። እሱን እስክሞት ይቅር አልለውም።

አሁን መንግሥት የሽፍታ ፊልም ፖሊስን ያዋርዳል ብሎ ከልክሏል። የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ ደስ ብሎት ሊነግረን ቢመጣ፣ እማዬ «ለባሌ ብላችሁ ነው? ለገዛ ቆባችሁ ክብር ነው እንጂ!» አሉት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ኮቱን መልሱልኝ ብዬ ብጽፍ፣ ከሌላው ልብስ ጋር ተሸጧል አሉኝ። ማን አውጥቶ እንደሰጠው እማዬ ያውቃሉ፤ አንድ ቀን ግን አንስተውብኝ አያውቁም። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር።

ያንተ ደብዳቤ የደረሰን በዚህ መሀል ነው። እንደ ወትሮው ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። ደረቱ ላይ እራፊ የለጠፈውን ፈሪ ፖሊስ አይተህ እንባህ እስኪወርድ እንደሳቅህ፣ ትንሹ ቨርነንም በየማታው እየተንበረከከ «ማሩኝ» በማለት እንደሚያስቃችሁ የጻፍክበት ጋ ስደርስ ዘለልኩትና «ልጆቹ እርስዎን ናፍቀዋል ይላል» አልኳቸው። እማዬም ፈገግ ብለው «ቨርነን ቁርጥ አያቱን ነው አሉ» አሉኝ።

ወንድሜ፣ ሳታውቅ ነውና አልፈርድብህም። ብቻ ያን ልጅ ዛሬውኑ ከተንበረከከበት አስነሣው።

ኤዲትን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ሊሊያስን እቀፋት። እማዬ ሁላችሁንም ይመርቃሉ። ለቨርነን የምልከው ሰላምታ አያቱ ጀርባውን እንዳልሰጠ እንድትነግረው ነው።

እህትህ ሆኖራ ታርፒ
ዊራባ፣ ኒው ሳውዝ ዌልስ
ግንቦት 19 ቀን 1912