ባልጩት የሚነክሰው ብረት

አንኮበር፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፰፻፹ ዓመተ ምሕረት

ይድረስ ለባለቤቴ ለኃይለ ገብርኤል፤ ሐረር፣ ወይም ካለህበት።

የማላውቀው አገር አየር እንዴት ይዞሃል? በሰው ፊት አንቱ እልህ ነበር፤ ዛሬ ግን ወረቀቱ የእኔ ነውና አንተ ልበልህ። የምጽፈውም ራሴ ነኝ። አባቴ ዳዊት ሲያስተምሩኝ ለሴት ምን ያደርግላታል ይሏቸው የነበሩት ሁሉ ዛሬ ቢያዩኝ ደስ ባለኝ። ለጸሐፊ ብናገረውማ አገር ይሰማዋል፤ ደግሞም ይስቅብኛል።

ነገሩን ሳላዞር ልንገርህ። እዚህ ሞተሃል ይላሉ። ክረምቱ ሲወጣ ከእናንተ ጦር የተመለሰ አንድ ወታደር እናትህ ደጅ ቆሞ አንተ በጦሩ ሜዳ ስትወድቅ ማየቱን ተናገረ። ሲቀበርስ አይተሃል ወይ ብዬ ጠየቅሁት፤ አላየሁም አለ። ታዲያ እኔ በምን ልመን? እናትህ እሜቴ ወለተ ጊዮርጊስ ግን ልጄ ሳይለቀስለት መቅረት የለበትም፣ ልቅሶው ይደረግ አሉ። እንደ ልማዳችን ልብስህና ጋሻህ አልጋ ላይ ተዘርግቶ፣ በቅሎህ ተጭና ልትዞር ነው። በእናንተ ቤት ደግሞ የሟቹ ጠመንጃ ሳይተኮስ ሙሾ አይጀመርም።

የአንተን ጠመንጃ እንግዲህ ታውቀዋለህ። የደመራ ዕለት ባሩድ አብዝተህ ስትተኩስ እሳት የሚጭረውን ባልጩት የሚነክሰውን ብረት ሰበርከው። ሳቅ ብለህ «ስመለስ አሠራዋለሁ» አልክና ግድግዳው ላይ ሰቅለኸው ሄድክ። ለአንተ ጌቶች ከኋላ የሚጎርሰውን አዲሱን ጠመንጃ ሰጡህ፤ አሮጌ ነገር ሁሉ ለእኔ ቀረ። የነፍስ አባታችን አባ ወልደተንሣኤ በጎረቤት ጠመንጃ ይተኮስ ቢሉም እናትህ አሻፈረኝ አሉ። በሰው ጠመንጃ የተሸኘ እንደ ባዳ ልጅ ይቆጠራል፣ ብረቱን ፈልጊ ብለው እኔን ላኩኝ።

ፈለግሁ። ደብረ ብርሃን ሄጄ ጠመንጃ የሚያድሰውን ሽማግሌ ብጠይቀው እንዲህ ያለው ድሮ ቀረ አለኝ። እነዋሪ ገበያ አሮጌ ብረት የሚሸጡትን ሁሉ ጓዛቸውን አስፈታሁ፤ ቢላዋና ልጓም እንጂ ሌላ የለም። ቀጥቃጩ ካለቀ ማረሻ አንድ ሠራልኝ፤ ገና ሲሞከር ተጣመመ። የለም ባሉኝ ቁጥር ፊቴን አጠቁራለሁ። ልቤ ግን እልል ይላል። ብረቱ እስካልተገኘ ጠመንጃው አይጮኽም፤ ጠመንጃው እስካልጮኸ ድረስ ደግሞ አንተ አልሞትክም። እንዲህ ብዬ የምሄድበት መንገድ ሁሉ ደስ ይለኝ ጀመር። በየኮረብታው ወገብ ጉሙ ሲነሣ፣ ከውስጡ የሚወጣው ሰው ሁሉ አንተን ይመስለኛል። ሲቀርብ ሌላ ሰው ይሆናል፤ እኔም ጤና ይስጥልኝ ብዬ አልፋለሁ። አንድ ሌሊት በሕልሜ ጠመንጃህ ተተኮሰ፤ ድምፅ የለውም። ጭሱ ጉም ሆኖ ገደሉን ሞላው፣ አንተም በውስጡ በቅሎህን እየጎተትክ መጣህና እራት ምንድን ነው አልከኝ። መቼም ሆድህን አትረሳም።

በመጨረሻ እናትህ አልዩ አምባ ሂጂ፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣ ዕቃ ከዚያ አይጠፋም አሉኝ። ከደጋው ወደ ሙቀቱ ቁልቁል ወረድሁ። ነጋዴው ዘይኑልአቢዲን ቤት ገብቼ የተሰበረውን ባሳየው እያገላበጠ አየውና ይህን የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ረስተውታል አለ። ደስ ብሎኝ ልነሣ ስል በሩ ላይ ዓይኔ አረፈ። የበሩ መቀርቀሪያ አሮጌ ጠመንጃ ነው! የአያቱ ነበር፤ ብረቱም እንዳለ አለ። አይቼ እንዳላየሁ ብሆንም፣ እሱም ዓይኔን ተከትሎ አየው። በጉጠት ፈቶ መዳፌ ላይ አኖረልኝና ለምን እንደፈለግሁት ጠየቀኝ። ነገርኩት።

«ኢና ሊላሂ...» ብሎ ለሟች የሚባለውን ጀመረ።

«ገና ነው፤ አይበሉት» አልኩት።

ሰውዬው አፉን ያዘ። ዋጋም አልተቀበለኝም። ብረቱን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ዳገቱን ስወጣ እንደዚያ ያለ ከባድ ነገር ተሸክሜ አላውቅም፤ በመንገድ ላይ አለቀስኩ። ቤት ደርሼ እናትህ ተገኘ ወይ ቢሉኝ ታጣ አልኳቸው። እኔ፣ የደብተራ ልጅ፣ ዓይናቸውን እያየሁ ዋሸሁ።

በማግስቱ ልብስ ልናጥብ ወንዝ ወረድን። ነጠላዬን ለካ ሳልፈታው ሰጥቻቸዋለሁ። ዘወር ስል ቋጠሮውን ፈተው ብረቱን በመዳፋቸው ይዘውታል። ይጮኹብኛል ብዬ ቆምኩ። እሳቸው ግን አገላብጠው አዩት፣ ውሃውን በቀሚሳቸው አደረቁለትና መልሰው ቋጠሩት። ከእኔው ቋጠሮ የእሳቸው ይጠብቃል።

እሑድ አባ ወልደተንሣኤ መጥተው የልቅሶው ቀን መቼ ይሁን ብለው ጠየቁ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። «ብረቱ አልተገኘም አባቴ» አሉ እናትህ። «ያለ ጠመንጃው ደግሞ አይሆንም።»

ከዚያ ወዲህ በቅሎህን ራሳቸው ይቀልባሉ፤ ጠመንጃህን ቅቤ ይቀባሉ። ብረቱ እኔ ዘንድ ነው። አሠራዋለሁ ያልከው አንተ ነህና መጥተህ በእጅህ ግጠመው።

ይህን ደብዳቤ ወደ ሐረር የሚወስደው የዘይኑልአቢዲን ልጅ ረሺድ ነው። ስሰጠው ወደ መሬት እያየ ተቀበለኝ። የአንኮበር ሚካኤል በክንፉ ይጋርድህ፤ ባለህበት ብርድ አይንካህ። ስጽፍ እናትህ አጠገቤ ተቀምጠው ጥጥ ያባዝታሉ። ምን ልበልልዎ ብላቸው ባዘቶውን ጠቅልለው አስቀመጡ። ከዚያ «ቀስ ብሎ ይምጣ በይው» አሉኝ። «እዚህ የቸኮለ ሰው የለም።»

ባለቤትህ ይመኙሻል