የሚኤሶው ኤሲ በዳንቴል ስለ መታፈኑና ጭሮ ስለ መቅረቱ

ለክቡር አቶ አብዲሳ
የደጋና ቆላ ጤና ማኅበር ዋና ሥራ አስኪያጅ
ጭሮ

ክቡር ሥራ አስኪያጅ ሆይ፤

ጤናዎ እንደ ጭሮ አየር የተስማማ፣ ቤተሰብዎ ሰላም፣ ወንበርዎም የማይነቃነቅ እንዲሆን ከቆላው ከሚኤሶ፣ ላቤን እየጠረግሁ፣ ከልብ እመኝልዎታለሁ።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ስለ እኔ የሚወራ አንድ ነገር ማረም አለብኝ። «ያቺ ጡረተኛ አስተማሪ የክሊኒኩን ኤሲ ጩኸቱ እንቅልፍ ነሣኝ ብላ በዘነዘና አደቀቀችው» እየተባለ በየሚኒባሱ እንደሚወራ፣ ወሬው ሂርና ሲደርስም ዘነዘናው መጥረቢያ እንደሚሆን ሰምቻለሁ። ይህ ሐሰት ነው። ዘነዘናዬ ከማድቤት ወጥቶ አያውቅም። ጩኸቱንም ለምጄው ስለ ነበር እንቅልፍ ያጣሁት ሲጮህ ሳይሆን ዝም ሲል ነው። እውነቱ ከወሬው የባሰ በመሆኑ፣ ሌላ ሰው አሳምሮ ከሚያወራው እኔው በስሜ ብጽፈው ይሻላል፤ መሣሪያውን የገደልሁት በዳንቴል ነው።

እንዲህ ያለውን ግድያ ሰው በአንድ ቀን አይማረውም። እኛን ባልትና ያስተማሩን መምህርት የጥልፋችንን ፊት አይተው አያውቁም ነበር፤ ገልብጠው ጀርባውን ነበር የሚያርሙት፤ አንዲት ክር ተንጠልጥላ ካገኙ ሥራው በሙሉ ይፈታል። እኔም በተራዬ በሂርናና በሚኤሶ ትምህርት ቤቶች የልጆችን ጥልፍ ስገለብጥ ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ስለዚህ ቀጥዬ ቅሬታዬን በተራ ቁጥር ሳቀርብ የማኅበርዎን ብቻ ሳይሆን የራሴንም ሥራ ገልብጬ እንደማሳይ በቅድሚያ ይወቁልኝ።

አንደኛ፣ ስለ አሰቃቀሉ። ማኅበርዎ የሚኤሶውን ክሊኒክ የመድኃኒት ክፍል ለማቀዝቀዝ ያን ለመጋዘንና ለፋብሪካ የሚሆነውን ትልቅ የግድግዳ ኤሲ በላከልን ጊዜ፣ ከተማው በሙሉ ወጥቶ ሲሰቀል አይቷል። ግማሽ አካሉ ከውስጥ ከመድኃኒቱ መደርደሪያ በላይ ተሰቀለ፤ ማራገቢያ ያለው ሌላው ግማሹ ደግሞ ከውጭ፣ ለእኔ ግቢ አጥር በሆነው ግድግዳ ላይ፣ ፊቱን ወደ ቤቴ በር አዙሮ ተሰቀለ። የውስጡ ሙቀቱን እየሳበ ለውጭው እንደሚያቀብል፣ የውጭውም አውጥቶ እንደሚተፋው ሲነገረኝ፣ ከመድኃኒቱ የተቀማው ሙቀት ሁሉ ለእኔ መመደቡን ተረዳሁ። በሚኤሶ ተጨማሪ ሙቀት የሚያስፈልገው ነዋሪ ይፈለግ ቢባል ማን እንደሚገኝ አላውቅም፤ ማኅበርዎ ግን ሳያመነታ እኔን መርጦኛል፤ ስለ አክብሮቱ አመሰግናለሁ።

በሶብላዬ ሲደርቅ አቤቱታ ጻፍሁ። መልስ ሲዘገይ ሁለተኛ ጻፍሁ። ሦስተኛውን ጀምሬ ሳለ ግን ከማሽኑ ፊት ያሰጣሁት በርበሬ በአንድ ቀን ደርቆ አገኘሁትና ወረቀቱን አጠፍሁት። ከዚያ በኋላ የሠፈሩ ሴቶች በርበሬያቸውን እየያዙ ይመጡ ጀመር፤ ማን ዛሬ እንደሚያሰጣ፣ ማን ነገ እንደሚመለስ የምወስነው እኔ ሆንሁ። «ተራሽ አልደረሰም» ማለት እንዴት እንደሚጣፍጥ በዚህ ዕድሜዬ አወቅሁ። ስለዚህ ሥልጣን የያዘ ሰው ላይ ለመፍረድ ከእንግዲህ አልቸኩልም፤ እርስዎንም ይጨምራል።

ሁለተኛ፣ ስለ ውኃው። ከማሽኑ የሚወጣውን ውኃ የሚያፈስሰው ጎማ ጫፉ ወደ ግቢዬ ተለቅቆ ስለ ነበር ስለ ትንኝ የምሬት አቤቱታ አዘጋጅቼ ነበር። ነገር ግን ዝናቡ ቀርቶ ቧንቧውም በደረቀ ጊዜ ከጎማው ሥር ባልዲ አስቀመጥሁ፤ ዶሮዎቼም በማኅበርዎ ውኃ በጋውን ተሻገሩ። ስለዚህ ይህን ቅሬታ ከነቁጥሩ አንሥቻለሁ፤ ቦታው ባዶ እንዳይሆን ብቻ ነው የጻፍሁት።

ሦስተኛ፣ ስለ ጥገናው። በክሊኒኩ በር ላይ ባስለጠፉት ማስታወቂያ፣ የጥገና ባለሙያው አቶ ሐምዛ በየሦስት ወሩ ከጭሮ እየመጣ ፊልትሮውን እንደሚያጥብና የውጭውን ክፍል አቧራ እንደሚያራግፍ ተጽፎ ነበር። ማስታወቂያው እጅግ የሚያምር ሲሆን ፀሐይ እስኪያነጣው ድረስ አንብበነዋል። አቶ ሐምዛ ግን ማሽኑ ሲሰቀል መጣ፤ ማሽኑ ሲሞት መጣ። በመካከል ከሚኤሶ እስከ ሂርና ላለው ሁሉ ብቻውን መመደቡን ከራሱ ሰምቻለሁና በእሱ አልቀየምም። በዚያ መሐል ወደ ጅቡቲ የሚወርደውና ከጅቡቲ የሚወጣው ከባድ መኪና የሚያስነሣው አቧራ በማሽኑ ላይ እንደ ዱቄት ተጋገረ። እኔም በየማለዳው በሬን ስከፍት ያን የመሰለ ውድ ዕቃ አቧራ ለብሶ፣ ራቁቱን ተሰቅሎ ሳየው ሕሊናዬ አልቻለም።

አራተኛ፣ ስለ ዳንቴሉ። በእኛ ቤት ውድ ዕቃ ሳይሸፈን እንደማያድር እርስዎም ያውቃሉ። ቴሌቪዥኑ ይለብሳል፤ ፍሪጁ ይለብሳል፤ የሶፋው መደገፊያ ይለብሳል፤ እንግዳ ቢመጣ ከባለቤቱ ይልቅ የዕቃው ልብስ ንጹሕ ሆኖ ያገኘዋል። ስለዚህ ሜትሬን ይዤ በወንበር ላይ ወጣሁና ማሽኑን እንደ ሙሽራ ለካሁት። ነጭ ክር ገዝቼ፣ ዙሪያውን በጽጌረዳ አስጊጬ፣ አንድ ወር ሙሉ ሠራሁት። ሌላ ሴት ብትሆን እዚህ ላይ ታቆም ነበር፤ ዳንቴል ቀዳዳ ስላለው ምናልባት ማሽኑም በሕይወት ይተርፍ ነበር። እኔ ግን ሥራ አላጋምስም። አቧራ በቀዳዳው እንዳይገባ ከውስጥ ወፍራም ሸራ ገበር አደረግሁበት፤ ከታችም ላስቲክ አስገብቼ ሰበሰብሁት። ጉንዳን ቀርቶ አየር አያስገባም ነበር።

ባለበስሁት ዕለት የክሊኒኩ ኃላፊ ነርስ እናትነሽ ወጥታ አየችውና «እትዬ፣ አሁን ገና የሰው ዕቃ መሰለ!» አለችኝ። ዘበኛው ከአጠገቡ ቆሞ ፎቶ ተነሣ። ለውስጠኛውም ክፍል ተመሳሳይ እንድሠራ ታዘዝሁ። ከሰዓት በኋላ ማሽኑ አጉረመረመ፤ ቀጥሎ ትንሽ የሚሸት ነገር ሸተተንና ዝም አለ። ሁላችንም በአንድ ድምፅ «መብራት ሄደ» አልን፤ መብራቱ እስኪመጣም ሁለት ቀን በትዕግሥት ጠበቅን። በእነዚያ ሁለት ቀናት በክሊኒኩ ውስጥ አምፖሎቹ ሁሉ እየበሩ እንደ ነበር ያስተዋለ የለም፤ እኔም የማንንም ስሕተት በማረም የታወቅሁት ሴት አላስተዋልሁም።

አቶ ሐምዛ ደርሶ ሽፋኑን ባወለቀ ጊዜ በመጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ለመሳቅ እንዲመቸው ተቀመጠ። «እማማ፣ ይህ ሰውዬ የሚተነፍሰው እኮ በዚህ በኩል ነው! እርስዎ አፉንም አፍንጫውንም ደፍነው ሩጥ አሉት» አለኝ። የማራገቢያው ሞተር እንደ ተቃጠለ፣ የውስጡንም የውጭውንም ግማሽ ወደ ጭሮ ወስዶ እንደሚጠግነው ነገረኝ። ከዚያ ሽፋኑን ሲያጥፍ ገልብጦ ጀርባውን አየና «ጀርባው ግን እንዴት ያምራል!» አለ። ክቡር ሆይ፣ በዚያ ሰዓት፣ ከሬሳው ፊት ቆሜ፣ ደስ አለኝ። ስለ ጠባዬ ከዚህ በላይ የምጨምረው የለም።

አምስተኛ፣ ስለ ፍርዱ። አቶ ሐምዛ እንዳለው ሞተሩ ተቀይሮ ማሽኑ ዳነ። እኛም መልሶ እስኪሰቀል ስንጠብቅ የእርስዎ ደብዳቤ በክሊኒኩ በር ላይ ተለጠፈ። «የሚኤሶ ማኅበረሰብ ለዘመናዊ መሣሪያ አያያዝ ዝግጁ ሆኖ ባለመገኘቱ» መሣሪያው በጭሮ ዋናው ጽሕፈት ቤት እንዲቆይ፣ ሙቀት የሚያበላሻቸው መድኃኒቶችም ወደ ጭሮ እንዲዛወሩ መወሰንዎን አነበብን። ስለ ፍጥነቱ አደንቃለሁ፤ ለማሽኑ ጥገና ያልተገኘው መኪና ለመድኃኒቱ በማግሥቱ ተገኝቷል። ነገር ግን ክቡር ሆይ፣ ጥፋቱ የአንዲት አሮጊት ነበር፤ የተፈረደበት ግን ከተማው ነው። ሚኤሶ ዳንቴል አልሠራም። ቅጣት አስፈላጊ ከሆነ እኔን ወስደው ጭሮ ያቆዩኝና ማሽኑን ይመልሱልን፤ እኔ እንደ እሱ መብራት አልፈጅም።

ቀልዱን እዚህ ላይ ላቁም። ከቤቴ ቀጥሎ ሱቅ ያላት ሉባባ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ጠዋትና ማታ የምትወጋው ኢንሱሊን በክሊኒኩ የቀዘቀዘ ክፍል ይቀመጥላት ነበር። አሁን መድኃኒቷ ያለው ጭሮ ነው፤ በረዶ በሞላ ፔርሙዝ እየያዘች በሚኒባስ ትመላለሳለች። ባለፈው ሳምንት መኪናው ከተደረደሩት ከባድ መኪኖች ኋላ ቆሞ ዋለ፤ በረዶው ቀለጠ፤ መድኃኒቱም ሞቀ። ሌላ ስላልነበራት ያንኑ እየተወጋች ሰነበተች፤ በመጨረሻም ከሱቋ ደጃፍ ወድቃ አገኘናት። እግዚአብሔር ይመስገን ተረፈች። ዓይኗን እንደ ገለጠች እኔን ስታይ የተናገረችው «እትዬ ዘርፈሽዋል፣ ምን ያስለቅስዎታል? በእርስዎ ዳንቴል ጭሮን ጠግቤ አየሁ፤ ኢንሻ አላህ ቀጥሎ ድሬዳዋን ያሳዩኛል» የሚል ነበር። ሱቁ ሙሉ ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ቤቴ ገብቼ ግን ጀምሬው የነበረውን የማሽኑን የውስጠኛ ክፍል ሽፋን እስከ መጀመሪያዋ ክር ድረስ ፈታሁት።

በማግሥቱ ይቅርታ ልጠይቅዎ ጭሮ መጣሁ። ጸሐፊዎ ሚካል፣ ጨዋና ታዛዥ ልጅ ናት፣ ስብሰባ ላይ መሆንዎን ነግራኝ በአዳራሹ አስቀመጠችኝ። ማሽናችንን ከአዳራሹ ግድግዳ ላይ አየሁት፤ ሰላምታ ሰጠሁት። ከሥሩ የተቀመጡት ሠራተኞች ሹራብና ጃኬት ደርበው፣ አንዷም እግሯን በጋቢ ጠቅልላ ነበር። ሲሠራ ማየት ፈልጌ ሚካልን አብሪልኝ ብላት «ኧረ እትዬ፣ በብርድ ሊገድሉን ነው እንዴ? ከተሰቀለ ጀምሮ ማንም ነክቶት አያውቅም» አለችኝ። ለምን ተሰቀለ ብዬ ብጠይቃት ደግሞ «ለእንግዳ ነው፤ አዳራሹን ያደምቀዋል» አለች።

ስወጣ በዋናው በር አጠገብ የውጭውን ክፍል አየሁ። ዳንቴሌን ለብሷል። ከነጽጌረዳው፣ ከነገበሩ፣ ከነላስቲኩ። የማኅበሩ ሠራተኞች ከማሽኑ ጋር ከሚኤሶ አምጥተው፣ አጥበው፣ ተኩሰው አልብሰውታል፤ ተኩሱ ግን ጥራት ይጎድለዋል። ዝግጁ ያልሆነው ማኅበረሰብ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ቆሜ ጥቂት አሰብሁ። ከዚያ የእናንተ ሽፋን ማሽኑን እንደማይጎዳው ተረዳሁ፤ የማይሠራ ማሽን መተንፈስ አያስፈልገውም። እርስዎንም ሳላገኝ፣ ስለ ራሴ ጥቂት ተጽናንቼ ተመለስሁ። አቶ ሐምዛን መንገድ ላይ አግኝቼ ለምን እዚያ ሰቀልኸው ብዬ ብጠይቀው «እማማ፣ እኔ ብሎን አጥባቂ ነኝ፤ የት እንደሚጠብቅ የሚያዝ ሌላ ነው» አለኝ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለሚያዘው ሰው ጻፍሁ።

የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ማሽኑ ወደ ሚኤሶ መድኃኒት ክፍል ይመለስ። በበኩሌ በጨርቅ፣ በክር፣ በሸራም ሆነ በሌላ የእጅ ሥራ ላልቀርበው በምስክሮች ፊት ቃል እገባለሁ። ፊልትሮውን አውጥቼ በንጹሕ ውኃ እንዳጥብና በጥላ እንዳደርቅ አቶ ሐምዛ አሳይቶኛልና እሱ እስኪመጣ አቧራውን እኔ አጥባለሁ። የውጭው ክፍል ፊቱን እንደ ቀድሞው ወደ በሬ ቢያዞርም አልከስስም። ሙቀቱን እቀበላለሁ፤ ከከተማው ሁሉ የሚገባው ለእኔ ነው።

ጊዜዎን ስለ ወሰድሁ ይቅርታዎን፣ ስለ አንደበቴ መርዘምም ትዕግሥትዎን እየለመንሁ፣

የግድግዳዎ ጎረቤት፣ የሙቀትዎ ተቀባይ፣ በአንድ ሽፋን ከተማዋን ያስቀጣች፣ ሆኖም ለወንበርዎ ጽናት መጸለይ ያላቋረጠች፣

ዘርፈሽዋል
ጡረተኛ የባልትና መምህርት
ሚኤሶ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሳያሳውቁ ሰው ቤት መሄድ የባለጌ ሥራ ነው ተብለን ስላደግን፣ ነገ ጠዋት ከሁሉ አስቀድሜ የማደርገውን ላሳውቅዎ። በመጀመሪያ ከሉባባ ጋር የማለዳውን ሚኒባስ እይዛለሁ። ጭሮ ስደርስ በበሩ አጠገብ ካለው ማሽን ላይ ሽፋኔን አወልቃለሁ፤ ይህን የማደርገው ማንንም ሳላስፈቅድ ነው፣ የእጄ ሥራ ነውና። ከዚያ ከሚካል ሪሞቱን በትሕትና ተቀብዬ ኤሲውን አበራለሁ፤ እርስዎም ካፖርትዎን ይዘው ቢመጡ ይሻላል። ሉባባ መድኃኒቷን በአዳራሹ ጠረጴዛ ላይ፣ ነፋሱ በሚያገኘው ቦታ ታስቀምጥና የጠዋቷን ትወጋለች። ምሳችንን ቋጥረናል። ለማታው መርፌ እዚያው እንቆያለን።