መልእክተኛው ጠፋ ብላችሁ የሳቃችሁት

መምህር ሽታሁን፣

መኪና ተገኘ ስላሉኝ ሞጣ ሄጃለሁ። ቁልፉን እነ ሰገነት ሱቅ አስቀምጫለሁ። ዶሮዎቹን ሲመሽ አስገባልኝ።

የጭቃ ወታደሮችህን ከጠረጴዛው አንስቼ እንቅብ ውስጥ ከትቻቸዋለሁ። የአንዱ ፈረስ እግር ተሰብሯል።
አውቄ አይደለም።

ትናንት ከጓደኛህ ጋር ስትጫወቱ፣ «እትዬ፣ ጦርነት ላይ ማን የት እንዳለ አይታወቅም፤ ጨዋታውም እንደዚያ መሆን አለበት» አልከኝ። ወታደሮቹን የምትሸፍኑባቸውን ሲኒዎች ራሴ አቀበልኳችሁ። ኋላ ግን መልእክተኛው ይድረስ አይድረስ ብላችሁ ዕጣ አወጣችሁ። «ጠፋ! በቃ ወሬው ቀረ!» ብላችሁ ተንከተከታችሁ።

እውነቴን ነው፣ አስጠላችሁኝ።

ልጄ ምንይሉ ሞጣ ከሄደ ወዲህ ስልኩ እንደማይሠራ ታውቃለህ። ጠዋት ጠዋት ወደ እሱ የምትደውልልኝ አንተው ነህ። ወሬ በሚጠበቅበት ቤት እንዲህ ይሳቃል? እንዴት አስቻለህ?

ፊደል ያስቆጠርከኝ አንተ ስለሆንክ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ምናልባት ምንይሉ ቀድሞኝ ቢቸና ከገባ፣ እህል አቅምሰውና እዚያው ቤት አስቀምጠው። ቢለምንህም እኔን ፍለጋ እንዳትልከው።

ይርገዱ