ስለ ቀይ ኮከቡ በርሜል

ሚያዝያ 22 ቀን 1981 ዓ.ም.

ለተከበሩ የጥጥ እርሻችን ሥራ አስኪያጅ፣ ለጓድ መርዳሳ፣

እርስዎና ቤተሰብዎ እንደምን ከርማችኋል? ጤናችሁ ከናዝሬት በቦቴ እንደሚመጣላችሁ ውሃ የጠራ እንዲሆን እመኛለሁ። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል፣ ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስለጥፍ እጄ መንቀጥቀጡን አልደብቅዎትም። የእናቴም እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ግን ለቤታችን አዲስ ነገር አይደለም።

በቅድሚያ ምስጋና። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት፣ በላብ አደሮች ቀን፣ እናቴን በላይነሽን ኮከብ ሠራተኛ ብለው ቀይ ኮከብ የተሳለበት በርሜል ሸለሟት። እኔ ሆዷ ውስጥ ነበርኩ፤ ሴት ከሆነች ሽልማት በያት ስላሏት ስሜ ሽልማት ሆነ። አባቴ ሞቶ ስለነበር፣ መኪናዎ ባለፈ ቁጥር እሱ የመጣ ይመስል ብድግ እል ነበር።

ቅር ያሉኝን ነገሮች ደግሞ እንዲህ በትሕትና አቀርባለሁ፤

1. በርሜሉ ይሸት ነበር። እናቴ እንደ ወተት ዕቃ በወይራ ብታጥነው ሽታው ጠፋና የምንጠጣውን ውሃ ሞላችበት። ቀድሞ ምን እንደነበረበት ቢነግሯት ኖሮ እንጨቱ ይተርፋት ነበር።

2. የክሊኒኩ ሲስተር ሣራ እናቴን የሚያንቀጠቅጣትን፣ እኔንም ክፍል ውስጥ የሚጥለኝን በሽታ ስትመረምር፣ ውሃ በምን እንደምናጠራቅም ጠየቀችኝ። ቤት ገብቼ ኮከቡን በቢላ ፋቅሁት። ከሥሩ የራስ ቅልና ሁለት አጥንት ወጣ። ማንበብ ለማይችል ሰው ታስቦ የተሳለውን የመርዝ ምልክት፣ በእርሻው የትራክተር ቀለም አስውበው ስላስሸፈኑልን እግዜር ይስጥልኝ።

3. ሲስተር ሣራ እንደነገረችኝ፣ ሴት ልጅ ገና ማኅፀን ውስጥ ሳለች የወደፊት ልጆቿን ዘር ይዛ ነው የምትፈጠረው፤ እናቴ የጠጣችው እኔን አልፎ ለልጆቼም ሊተርፍ ይችላል። በአንድ በርሜል ሦስት ትውልድ ማዳረስዎን በሪፖርትዎ ያልጻፉት ከትሕትና መሆን አለበት።

ነገ፣ በላብ አደሮች ቀን፣ የኮከብ ሠራተኛነቱ ተራ የታላቅ እህቴ የዘርፉ ነው። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ በርሜሏን ከእጅዎ ትቀበላለች። እንዳትወስድ ብለምናት፣ "ስም ያወጡልሽ ሰውዬ እኮ ናቸው፣ አንቺ ሞኝ፣ እሳቸው ይጎዱናል?" ብላ ሳቀችብኝ። እኔም እስከ ትናንት እንደሷ ነበርኩ።

ዕድሜዎን እንደ በርሜሉ ብረት ያጠንክርልን እያልኩ፣ ባወጡልኝ ስም እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

ሽልማት ጉደታ

ማስታወሻ፦ የነገው ንግግርዎ ረጅም ስለሚሆን ጉሮሮዎ እንዳይደርቅ፣ ከበርሜላችን አንድ ብርጭቆ ቀድቼ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ መድረኩ ድረስ አመጣልዎታለሁ። እርስዎ ከጠጡት፣ ዘርፉም በርሜሏን ትውሰድ።