ከኮሶ ክኒኑ በኋላ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ጁባ።

ዛሬ ከአማራት ሰፈር ወደ ማላኪያ ሰፈር ስነዳ ቀኝ እጄ በራሱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መሪውን ልያዝ ብል አልታዘዝ አለኝ። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው መኪናው አጥር ሥር ቆሞ፣ አጠገቤ የነበረችው የቢሯችን ነርስ ሜሪ የእጅ ፍሬኑን አንቃ ይዛ ነው። ሰው አልተጎዳም።

"ማሌሽ፣ ማሌሽ" እያለች፣ በዐረብኛ አይዞህ ማለቷ ነው፣ ላቤን ጠረገችልኝ። "ምን መድኃኒት ወስደሃል?"

"የኮሶ። ትናንት ጠዋት።"

ቀጥታ ክሊኒክ ወሰደችኝ። ሐኪሙ የኮሶው እጭ ጭንቅላቴም ውስጥ ተደብቆ እንዳይሆን ፈርቷል። ክኒኑ ሲገድለው ዙሪያው ያብጥና እንዲህ ያንቀጠቅጣል አለኝ። በሲቲ ስካን እስክታይ ድረስ መንዳት የለም፤ አውሮፕላን መሳፈርም የለም።

እዚህ አገር የገባሁት ሾፌር ተብዬ ነው። ካልነዳሁ የመኖሪያ ፈቃዴን ማን ያድስልኛል? አዲስ አበባ ልግባ ብልም አልችልም። የዋጥኩት ክኒን ደግሞ አይተፋ።

ሜሪን ለማንም እንዳትናገር ለመንኳት።

"ነገ እነማንን እንደምትጭን ታውቃለህ?" አለችኝ።

አውቃለሁ። ለክትባት የሚመጡ እናቶችና ሕፃናት ናቸው።

አመሻሹ ላይ የስምሪት ኃላፊያችን ጋሽ ደሳለኝ ደወሉ። "ታደሰ፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንድትደርስ።"

"ጋሼ፣ አልነዳም። ዛሬ መሪ ላይ ራሴን ስቻለሁ።"

 ስለ ነገው ጉዞ አላነሱም። "እንዲህ ሆነህ ብቻህን ማደር የለብህም፤ አሁን አጠገብህ ማን አለ?" አሉኝ።

ማንም የለም አልኳቸው።