የሰመጠችው ከተማ ግንብ የተሠራው ከውስጥ ነው

ለክቡር የ«ጨው ዘመን» ጨዋታ አፍቃሪዎች መድረክ የታሪክና የአፈ ታሪክ ክፍል ዋና ተቆጣጣሪ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አንዲት ጽሑፍ እንድትመለስልኝ በታላቅ ትሕትና ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ጤናዎ እንዲጠበቅ፣ ዐይንዎ እንዳይደክም፣ በተለይም ያቺ የመሰረዣ ቁልፍ የምትጫን ጣትዎ ከቁርጥማት እንድትሰወር ከልብ እመኛለሁ። የእርስዎ ጣት አንድ ቀን ብትታመም በመድረኩ ላይ ሰዎች የፈለጉትን ጽፈው፣ እርስ በርሳቸው ተግባብተው፣ ሳይታረሙ ሊያድሩ እንደሚችሉ ሳስብ ይዘገንነኛል።

እኔ በመድረክዎ «ቱንቢ» በሚል ስም ስጽፍ የነበርኩ፣ ከመድረክዎ ውጭ ደግሞ ሠላሳ አንድ ዓመት ግንብ ስገነባ የኖርኩ ግንበኛ ነኝ። ባለፈው ዓመት ከመወጣጫ ላይ ወድቄ እግሬ ተሰብሮ አልጋ ላይ ስውል፣ ሴት ልጄ ንጭንጬ ስለሰለቻት ይህን ጨዋታ ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። ሌላው ተጫዋች ጭራቅ ሲያሳድድ እኔ ድንጋይ ሳይ እውላለሁ፤ ጭራቆቹም ይህ ሰው አይረባንም ብለው ሳይሆን አይቀርም፣ ትተውኛል። አካውንቴን በደግነትዎ ስለዘጉልኝ አቤቱታዬን በዚህ ጋዜጣ የአንባቢያን ገጽ ላይ ለማቅረብ ተገድጃለሁና ድፍረቴን በይቅርታ ይለፉት።

ጨዋታውን ለማያውቁ አንባቢያን ባጭሩ ለማስረዳት፣ በ«ጨው ዘመን» ውስጥ በባሕር የተዋጠች ጥንታዊት ከተማ አለች፤ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍል ታላቅ ግንብም አለ። ክቡርነትዎ «ተቀባይነት ያለው ታሪክ» ብለው ባጸደቁት መዝገብ መሠረት፣ ማዕበል አሳሪው የሚባለውን ንጉሥ ጨው ለባሾች የተባሉት ስደተኞች ከውጭ መጥተው በግንብ ዘግተውበታል፣ ንጉሡም በተዘጋበት ሺህ ዓመት አልቅሷል፣ ባሕሩም ከዕንባው የመጣ ነው። ከዚህ ውጭ ማሰብ በሕግ ባይከለከልም አይመከርም።

አንደኛው ቅሬታዬ እንግዲህ ይህ ነው። ግንብ የሚሠራ ሰው የሚቆመው በአንድ በኩል ነው። በቆመበት በኩል ድንጋዮቹን የሚያያይዘውን ሞርታር እየጠረገ ያሳምረዋል፣ እኛ ይህን ፉጋ እንለዋለን፤ በወዲያኛው በኩል ግን እጁ ስለማይደርስ፣ ዞሮ ካላጸዳው በቀር ሞርታሩ እንደተዝረከረከ ይደርቃል። በሰመጠችው ከተማ ግንብ ላይ ፉጋው ያማረው በንጉሡ በኩል ነው፣ የመወጣጫው እንጨት የገባባቸው ቀዳዳዎችም በዚያው በኩል ናቸው። ስለዚህ ግንቡን የሠራው፣ ዘጉብኝ ብሎ ሺህ ዓመት ያለቀሰው ንጉሥ ራሱ ነው ብዬ በአሥራ አራት የስክሪን ፎቶ አስደግፌ ጻፍኩ። ክቡርነትዎም «ግድግዳው ሥዕል ነው፤ ሥዕል ግንበኛ የለውም፤ የእጅ ሙያም የታሪክ ምንጭ አይሆንም» ሲሉ ወሰኑ።

ውሳኔዎን በጸጋ ተቀብዬ፣ ምንጭ ማለት ምን እንደሆነ ለመማር በሰመጠችው ከተማ ስላሉት ሐውልቶች የጻፉትን ባለ አርባ ስድስት ገጽ ጥናት አነበብኩ። የሐውልቶቹ አፍንጫ የጠፋው የጥንቱ መኳንንት የባሕሩን ሽታ ላለማሽተት ስእለት ተስለው አፍንጫቸውን ስላስቆረጡ መሆኑን ከዚያ ተረዳሁ። የጨዋታው ሠሪዎች ቆይተው ሠዓሊው ሥራውን ሳይጨርስ ቀርቶ ነው ብለው ይቅርታ ጠየቁና አፍንጫዎቹን መለሱ፤ ጥናትዎ ግን አልተበገረም። እንዲያውም የአፍንጫዎቹ መመለስ የሦስተኛው ሥርወ መንግሥት መነሣት ማረጋገጫ ነው የሚል አዲስ ምዕራፍ ተጨምሮበታል። ይህን የመሰለ ጽናት በእኔ ሥራ ቢኖር ኖሮ የጠመመ ግድግዳ ሁሉ ሳይፈርስ ይቆም ነበርና ስላስተማሩኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ሁለተኛ፣ «ጀማሪ ተመልካች» የሚል ማዕረግ ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። የጨዋታው ስውሯ ንግሥት ዓሣ ነበረች ብሎ ላረጋገጠው አባል «ሊቀ ጠበብት» የሚለውን እንደሰጡትም አይቻለሁ። አልቀናሁም፤ ዓሣ አላውቅም።

ሦስተኛውን ሳቀርብ ጨዋታዬ ቢደርቅብዎ ይታገሡኝ።

በዚሁ ግንብ ጉዳይ «መነጽር» ከሚባል ተከራካሪ ጋር ሰባት ወር ሙሉ ስሟገት እንደነበር መዝገብዎ ያውቃል። እሱ በግንቡ ላይ የተቀረጸውን ጽሑፍ እያነበበ፣ እኔ ድንጋዩን እያየሁ፣ አንድ ቀን እንኳ ሳንስማማ አራት መቶ አሥራ ሁለት ጽሑፍ ተለዋውጠናል። መዝገብዎ የማያውቀው መነጽር ታላቅ ወንድሜ መሆኑን ነው። ወንድሜ በሙያው የማተሚያ ቤት አራሚ ነው፤ ገና በመጀመሪያው ቀን ስለ ንጉሡ ያልኩትን ሁሉ ትቶ ፊደሌን ሲያርመኝ አወቅኩት። እሱም አውቆኛል፤ አንተ ድሮም በዐይንህ ነው የምትለካው፣ ድሮም አንድ ጣት ታጎድላለህ ተብሎ ለማያውቁት ሰው አይጻፍም። ሁለታችንም ግን ትንፍሽ አላልንም።

ትንፍሽ ያላልነው ከመድረክዎ ውጭ ስለማንነጋገር ነው። አባታችን ካረፈ በኋላ በእሱ ክፍል ምክንያት ተጣላን፤ ወንድሜ እንዳለ ይቀመጥ አለ፣ እኔ ይፍረስ አልኩ፣ ከዚያ ሁለታችንም ማለት የሌለብንን ተባባልን። እልኽ ይዞኝ ሁለታችንም የምንኖርበትን የአባታችንን ግቢ ለሁለት የሚከፍል የብሎኬት አጥር በሦስት ቀን አቆምኩ። በእኔ በኩል ፉጋው ልቅም ያለ ነው። በእሱ በኩል ያለውን ግን ዞሬ አላጸዳሁትም፤ ለማጽዳት በእሱ በር መግባት፣ ለመግባት ደግሞ ማንኳኳት ነበረብኝ። እናም ወንድሜ አራት ዓመት ሙሉ መስኮቱን በከፈተ ቁጥር የሚያየው የእኔን ዝርክርክ ሞርታር ነው።

ከዕለታት አንድ ቀን መነጽር በመድረክዎ ላይ አንድ ጥያቄ አቀረበልኝ። ግንቡን ንጉሡ ከውስጥ ሠርቶት ከሆነ፣ የወዲያኛውን ፊት ሳያጸዳ የተወው ንቆ ነው ወይስ መሻገር አቅቶት? ሁለት ቀን አሰብኩበት፤ ከዚያ መሻገር አቅቶት ነው ብዬ መለስኩ። በማግስቱ ረጅም ጽሑፍ መጣ። ሦስት መስመር አነበብኩ። አሁን የምጽፈው ስለ ንጉሡ አይደለም ይላል። በየጠዋቱ መስኮቴን ስከፍት የማየው ያን ያልጸዳ ፊት ነው ይላል። መጀመሪያ ንቀት መስሎኝ ነበር ይላል። እዚህ ላይ ዕንባዬ ቀደመኝና የቤት ሰዎች ፊቴን እንዳያዩብኝ በሩን ልዘጋ በክራንቼ ተነሣሁ። በክራንች በር ዘግቶ እስኪመለሱ ጊዜ ይወስዳል። ስመለስ የጠበቀኝ «ይህ ገጽ የለም» የሚለው የእርስዎ መልካም ማስታወቂያ ነበር።

ውሳኔዎ በተለመደው ጥራት ተጽፎ ደርሶኛል። ጽሑፉ እስከ መጨረሻው ተነብቦ የግል ጉዳይ ሆኖ ስለተገኘ፣ በደንብ ቁጥር ዘጠኝ መሠረት ክርክሩ በሙሉ እንደተሰረዘ፣ እኔም ጉዳዩን የቆሰቆስኩ በመሆኔ እንደታገድኩ ይገልጻል። እንግዲህ ወንድሜ መጀመሪያ ንቀት ከመሰለው በኋላ ምን እንደመሰለው የሚያውቁ በዚህ ዓለም ላይ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አንዱ እሱ፣ ሌላው እርስዎ። እስከ መጨረሻው ስላነበቡት ደስ ብሎኛል። ለእኔ አልተፈቀደልኝም።

ይህ ብቻ ቢሆን ሆድ ይፍጀው ብዬ በተውኩት። ነገር ግን በመድረክዎ የሠለጠነ አሠራር መሠረት፣ ጽሑፉን ከከፈትኩባት ደቂቃ ጀምሮ «ቱንቢ አንብቦታል» የሚል ምልክት በወንድሜ ስልክ ላይ ወጥቷል። በማግስቱ ጠዋት ከቤት ስወጣ በራፉ ላይ ቆሞ ነበር። አራት ዓመት እኔን ሲያይ ፊቱን አዙሮ የሚገባ ሰው ያን ቀን አልገባም፤ ቆሞ ጠበቀኝ። እኔ ደግሞ ላላነበብኩት ነገር ምን ብዬ እንደምመልስ ጠፍቶኝ፣ መጀመሪያ ጽሑፉን ላግኘውና በወጉ እመልስለታለሁ ብዬ አንገቴን ደፍቼ አለፍኩ። በዕድሜዬ ያፈርኩባቸው ነገሮች ብዙ ናቸው፣ እንደዚህ ያለ ግን የለም። ከዚያን ቀን ወዲህ መስኮቱ ተከፍቶ አያውቅም። ልቡን ገልጦ ጽፎልኝ፣ አንብቤ፣ ዝም ያልኩት መስሎታል።

አራተኛ፣ ይህንኑ ዘርዝሬ ላቀረብኳቸው አሥራ አንድ ማመልከቻዎች በአሥራ አንዱም «ጉዳይዎ ተፈትቷል፤ እርካታዎን በኮከብ ይግለጹ» የሚል ፈጣን ምላሽ ስለሰጡኝ ባለዕዳዎ ነኝ። በአሥራ አንዱም አምስት ኮከብ ሰጥቻለሁ። ምናልባት ኮከብ ሲበዛልዎ ቀና ብለው ያዩ ይሆናል ብዬ ነበር።

የምለምንዎ ብዙ አይደለም። አካውንቴ ተዘግቶ ይቅር፣ ንጉሡም እንደተበደለ ይኑርልዎ፣ የግንቡንም ፉጋ ከፈለጉ ዓሣዋ ንግሥት ሠርታዋለች ይበሉ፣ እኔ እፈርምልዎታለሁ። ከአራተኛው መስመር እስከ መጨረሻው ያለውን ብቻ ይላኩልኝ። ጽሑፉ ጨርሶ ጠፍቷል የሚሉ ከሆነም የሚያስታውሱትን ያህል በራስዎ ቃል ቢጽፉልኝ አልጠላም፤ በሌለ አፍንጫ ላይ አርባ ስድስት ገጽ የጻፈ ሰው በነበረ ጽሑፍ ላይ ግማሽ ገጽ አያቅተውም።

የመሰረዝ ሥልጣንዎ እየሰፋ፣ የማንበብ ትዕግሥትዎም እንዲሁ ከአራተኛው መስመር በላይ እየዘለቀ፣ ሐውልቶችዎ ሁሉ በየአፍንጫቸው ጸንተው እንዲኖሩልዎ እየተመኘሁ፣ በአንድ ክራንች ተደግፌ እስከምችለው ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ጀማሪ ተመልካች፣ አሁን ደግሞ ምንም እንዳይመለከት የተደረገ፣
ቱንቢ

ግልባጭ፦
ለማዕበል አሳሪው ንጉሥ፣ ራሱ በሠራው ግንብ ውስጥ
ለሦስተኛው ሥርወ መንግሥት አፍንጫዎች

ድኅረ ጽሑፍ፦ ክቡር ተቆጣጣሪ፣ ከስንትና ስንት ጋዜጣ መሐል ይህን ለምን እንደመረጥኩ ይገርምዎ ይሆናል። በዚህ ጋዜጣ የሚወጣ ማንኛውም ጽሑፍ ወደ ማተሚያው ከመግባቱ በፊት በአንድ አራሚ ጠረጴዛ ላይ ያልፋል፤ አራሚው ወንድሜ ነው። ስለዚህ በዚህኛው ዙር ቀድሞ የሚያነበው እሱ ነውና እርስዎ ተራዎን ይጠብቃሉ። ቀጥሎ ያለው የግል ጉዳይ ስለሆነም በደንብ ቁጥር ዘጠኝ መሠረት ዐይንዎን ቢያነሡልን ደስ ይለናል።

ወንድም ጋሼ፣ አላነበብኩትም። ሦስት መስመር ብቻ ነው ያየሁት። ያን ቀን በራፍህ ላይ አንገቴን ደፍቼ ያለፍኩት ንቄህ አይደለም፣ የምለው ጠፍቶኝ ነው። የቀረውን በአፍህ ንገረኝ። ከዚህ በላይ ያለውን ፊደል ሁሉ እንደፈለግክ አርመው። ይህችን አንቀጽ ብትሰርዛትም ማንም አያውቅብህም፣ እኔም አልቀየምህም። ታትማ ካየኋት ግን ጋዜጣውን እንደያዝኩ መጥቼ አንኳኳለሁ።