ነፋሱ አልነበረም

ውድ የሺ፣

ይህን ደብዳቤ ሮሐ እንደምታነብልሽ አውቃለሁ። ሮሐዬ፣ ለእናትሽ ስታነቢ ቀስ በይ። መሃል ላይ አንቺም እሷም የማታውቁት ነገር ይመጣል፤ እሱን ሳትዘልዪ አንብቢላት። የሺ፣ ስልክ መደወል አቅቶኝ አይደለም። በስልክማ እኔ አንድ ቃል ሳልጨርስ አንቺ የደብረ ብርሃንን ብርድ፣ የጎረቤትሽን ዶሮና የጉልበትሽን ነገር አንስተሽ ካርዱ ያልቃል። ወረቀት ላይ ግን አታቋርጪኝም።

እኔ ደህና ነኝ። አሁንም እጽዋት ማዕከሉ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ ነው የምሠራው። ዕድሜዬን ሙሉ ከተራራው እንጨት ሳወርድ ኖሬ፣ ዛሬ እዚያው ችግኝ ሳጠጣ መዋሌን ሳስበው ብቻዬን እስቃለሁ። ማንበቤንም አልተውኩም። የበርበሬና የቆሎ መጠቅለያ ጋዜጣ በመዳፌ እያቃናሁ ፊደል ስለቅም፣ “ደግሞ ዛሬ ቆሎው ምን ይላል?” እያልሽ ታሾፊብኝ አልነበር? ይኸው ቆሎው ደብዳቤ አስጻፈኝ።

ባለፈው ጥቅምት ሩታ የምትባል ልጅ የደረቀ የባሕር ዛፍ ግንድ ፈልጋ እኛ ዘንድ መጣች። በመብራትና በድምፅ ትርኢት ትሠራለች። ሽሮ ሜዳ አካባቢ አንድ ባዶ መጋዘን ለምና፣ መስኮቶቹን በጥቁር ጨርቅ ሸፍና፣ አሥራ አንድ ግንድ እንደ ጫካ አቆመች። በየግንዱ አናት ላይ አምፖል አለ። አምፖሉ ማብሪያ የለውም። ሰው ሲጣራ ይበራል፤ ድምፁ ሲያልቅ ቀስ እያለ ይጠፋል። ሩታ ኢንስታሌሽን ትለዋለች። ሽቦውን የዘረጋላት የመሥሪያ ቤታችን ኤሌክትሪሺያን ግዛቸው ግን “የእብድ ሠርግ” ነው የሚለው።

እንጨት ተሸካሚ እንደነበርኩ የነገራት እሱ ነው። “እትዬ ዓለሜ፣ ጫካ ውስጥ እንዴት ነበር የምትጠራሩት?” አለችኝ። ነገርኳት። ጭጋግ ሲወርድ እንዳንጠፋፋ ከኋላ ያለችው “አለሽ ወይ?” ትላለች፣ ከፊት ያለችው “አለሁ!” ትላለች። የደን ጥበቃ እንዳያውቀን ስም አይጠራም። ጥሪ ደግሞ ያለ መልስ አይተውም፤ የሰማች ሁሉ፣ የማን ድምፅ እንደሆነ ባታውቅ እንኳ ትመልሳለች።

“እባክዎ አንድ ጊዜ ይጣሩልኝ።”

ተጣራሁ። አምፖሉ ጭል እንኳ አላለም።

ግዛቸው መሰላሉ ላይ ሆኖ፣ “ዓለሜ፣ አምፖሉን እሹሩሩ እያልሽ ልታስተኚው ነው እንዴ?” አለኝ።

“አንተ ዝም ብለህ ሽቦህን ሳብ!”

“ይኸው! ይቺን ስትቆጪ ሊበራ ነበር እኮ!”

ሩታ ተስፋ አልቆረጠችም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ ስወጣ እየሄድኩ ስሞክር ሰነበትኩ። ድምፄ አምፖሉ ጋ አይደርስም። ለምን እንደማይደርስ እኔ አውቃለሁ።

የሺ፣ ያን የነሐሴ ቀን አትረሺውም። ጭጋጉ የራስን እጅ አያሳይም ነበር። አንቺ ከኋላ ነበርሽ። ጭቃው አንሸራተተሽና ከነሸክምሽ ቦዩ ውስጥ ወደቅሽ፤ ቁርጭምጭሚትሽ ተሰበረ። ሌሎቹ ሴቶች እስኪያገኙሽ ድረስ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ዝናብ ሲወርድብሽ ዋለ። ሮሐ ያኔ የስድስት ወር ልጅ ነበረች፤ ጎረቤት ቤት ጡት ፈልጋ ስታለቅስ ዋለች። ሆስፒታል መጥቼ ስንሰቀሰቅ እጄን ይዘሽ፣ “በቃ ተይ፣ ነፋሱ ነው ድምፄን የወሰደው። አንቺማ ብትሰሚ መች ትቀሪያለሽ?” አልሽኝ። እኔም ዝም አልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት ዝም አልኩ።

ነፋሱ አልነበረም። ሰምቼሽ ነበር። ሦስት ጊዜ “አለሽ ወይ?” ስትይ ሰምቼሻለሁ። ጥበቃዎቹ ከእኔ ሃያ እርምጃ ያህል ርቀው ቆመው ያወሩ ነበር። በዚያው ሳምንት አንዴ ሸክሜን ተነጥቄ ነበርና ፈራሁ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ቁጥቋጦ ሥር ተቀመጥኩ። እነሱ ሲሄዱ አንቺም ዝም ብለሽ ነበር። በሌላ መንገድ የወረድሽ መስሎኝ ሄድኩ። አይ፣ ይሄም ውሸት ነው። እንዲመስለኝ ፈልጌ ነው። እግርሽ ዛሬ ድረስ የሚጎተተው በእኔ ነው።

አሁን የቅዳሜውን ልንገርሽ።

አሥር ሰዓት ላይ መጋዘኑ ሞላ። ሩታ የድሮ ተሸካሚዎችን ጋብዛ ከፊት አስቀምጣለች። ሊሚም ነበረች፤ ያቺ በሸክሟ ላይ ሸክም የምትደርበው ሊሚ። አሁን አርጅታለች፤ አፏ ግን አላረጀም። በሩታ ሐሳብ እኔ ጨለማው ውስጥ እጣራለሁ፣ አንዲት አምፖል ትበራለች፣ መልስ ሳይመጣ ትጠፋለች፣ እዚያ ላይ ያበቃል። በሩ ላይ የለጠፈችውም ርእስ “መልስ ያጣ ጥሪ” የሚል ነው። ርእሱን ሳነበው ልመለስ ዞሬ ነበር። ግን እምቢ አላልኩም። “ማንም ሰው ድምፅ እንዳያሰማ” ብላ አስጠነቀቀችና መብራቱን አጠፋችው።

የባሕር ዛፉ ሽታ ተራራው ላይ መለሰኝ። በዚያ ጨለማ ከኋላ የቀረሁት እኔ ነበርኩ።

“አለሽ ወይ?”

እንዴት እንደወጣልኝ አላውቅም። አምፖሏ ቦግ አለች። ቀስ እያለች መድከም ስትጀምር ከፊት ወንበር፣

“አለሁ!”

ሊሚ ናት። ከተቀመጠችበት ተነሥታለች። ከጎኗ ያለችውም “አለሁ!” አለች፤ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ ሁሉም። አሥራ አንዱም አምፖል በራ። መጋዘኑ ቀን ሆነ።

ሩታ እጇን ራሷ ላይ ጭና፣ “እማማ ሊሚ! ዝም ይበሉ ብዬ ነበር እኮ!” አለች።

“አንቺ ልጅ፣ ሰው እየተጣራ እንዴት ዝም ይባላል? ወድቃስ እንደሆነ?”

ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ፊቴ ግን ርሶ ነበር። ሊሚ ያኔ ጥሪሽን መስማቴን አታውቅም፤ እንዲያው የሚባለውን ነው ያለችው። እኔ ግን ቤቴ እስክደርስ ያቺው ቃሏ ከጆሮዬ አልወጣችም። በማግስቱ ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ሩታ ርእሱን ከበሩ ላይ አነሣችው። አሁን ሰው እየገባ እንደልቡ ይጠራራል። ግዛቸው ራሱ በምሳ ሰዓት ተደብቆ ሲጣራ ደረስኩበትና “የእብዱ ሠርግ እንዴት ነው?” ስለው ሽቦ የሚፈትሽ መሰለ። እኔም ቀለል ብሎኛል። ችግኞቹ መሃል ስሠራ አንጎራጉራለሁ፤ ሰዎቹ “ዓለሜ ምን አገኘች?” ይላሉ።

የቀረኝ የአንቺ ነገር ብቻ ነው። ይቅር በይኝ። ብትቆጪም አልቀየምሽም፤ መቆጣት መብትሽ ነው። ብቻ ትርኢቱ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ አለና ሮሐ ደግፋሽ ነይ። አውቶቡስ መናኸሪያ ድረስ መጥቼ እቀበላችኋለሁ። እኔ አስቀድሜ ከግንዶቹ መሃል እገባለሁ። አንቺ ከበሩ ላይ ሆነሽ ተጣሪ። ሦስተኛውን አልጠብቅም።

አለሁ፣
ዓለሜ
ጉለሌ